ቀዩ መብራት የየትኛው ዲስክ ነው?

እትዬ ብሎንን የማያውቅ ሰው ሆስፒታላችን ውስጥ የለም። የመዝገብ ስማቸውን ግን ከደሞዝ ከፋዩ በቀር የሚያስታውስ መኖሩን እጠራጠራለሁ። ብሎን ያሰኛቸው የጋዋናቸው ኪስ ነው። ሁልጊዜ በብሎን እንደተሞላ ነው፤ ሲራመዱ ስለሚንኳኳ በኮሪደሩ መምጣታቸውን ሳናያቸው እናውቃለን። አንዲት አዲስ ሐኪም «እትዬ፣ ይሄ ሁሉ ብሎን ምን ያደርግልዎታል?» ብትላቸው «እዚህ ቤት ብሎኑ የላላበት ሰው ብዙ ነው የኔ ልጅ» ብለዋት ቀኑን ሙሉ ስትስቅ ዋለች።

ሥራቸው የሆስፒታሉን ኮምፒውተሮች መጠበቅ ነው። ከሁሉም በላይ የሚጠብቁት ሰርቨሩን ነው። የበሽተኛው ካርድ፣ የላቦራቶሪው ውጤት፣ የራጁ ምስል፣ የመድኃኒቱ ትእዛዝ ሁሉ የሚቀመጠው እዚያ ማሽን ውስጥ ነው። እሱ ከቆመ እኛ ነርሶች ዓይናችን የታሰረ ያህል ነው፤ አልጋ ላይ ያለውን ሰው እያየን ምን እንደታዘዘለት አናውቅም።

ሲቀጠሩ ግን የስልክ ኦፕሬተር ነበሩ፤ የሃያ ዓመት ልጅ። ከዓመታት በኋላ በራሱ የሚሠራ አዲስ የስልክ ማዞሪያ መጣና አራቱም ኦፕሬተሮች ተቀነሱ ተባለ። ሦስቱ ቦርሳቸውን ይዘው ሄዱ። እትዬ ብሎን ግን በማግስቱ መጥተው፣ የተነቀለውን አሮጌ ማዞሪያ ከኋላው ፈተው፣ ወለል ላይ ተቀምጠው ሽቦ ሲቆጥሩ ተገኙ። «ምን እያደረግሽ ነው?» ሲባሉ «ሃያ ጊዜ የተበላሸብኝ ለምን እንደሆነ ሳላውቅ ከዚህ አልሄድም» አሉ። አዲሱን ማዞሪያ የተከሉት መሐንዲሶች ይህን ሰምተው «ይቺ ሴትዮ ትቅርልን» አሉ። በዚህ ሰበብ እትዬ ቀሩ። ከስልክ ወደ ኮምፒውተር፣ ከኮምፒውተር ወደ ሰርቨር፣ አንዱንም ትምህርት ቤት ገብተው አልተማሩትም፤ እየፈቱ ነው የተማሩት።

አሁን ወደ ነገሬ ልግባ። ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ነውና ከሰባት ዓመት በፊት እጀምራለሁ።

ያን ጊዜ እኔ አዲስ ነርስ ነበርኩ። የሙከራ ጊዜዬ ሊያልቅ ሦስት ሳምንት ቀርቶኛል፤ የስድስት ወር ነፍሰ ጡርም ነኝ። እሁድ ቀትር ላይ ተረኛ ሆኜ ተቀምጬ ሳለሁ የሰርቨሩ ክፍል ይጮህ ጀመር። ክፍሉ ከተረኞች ክፍል ጎን ነው፤ ቁልፉም እኛ ጋ ነው የሚቀመጠው። እትዬ ብሎን ቤት ደወልኩ። «አትደንግጪ» አሉኝ። «ከስድስቱ ዲስክ አንዱ ሞቶ ነው። አምስቱ ሥራውን ይሸፍኑለታል። ቀይ መብራት የበራበትን ሳቢና አውጪው፣ አዲስ ዲስክ መሳቢያው ውስጥ አለ፣ በቦታው ክተቺ። ብቻ ሁለተኛ እንዳትነኪ፤ ሁለተኛ ከተነሳ አለቀልን።»

ሄድኩ። ዲስኮቹ በሁለት ረድፍ ተደርድረዋል፤ ከላይ ሦስት፣ ከታች ሦስት። ቀዩ መብራት የበራው በሁለቱ ረድፍ መካከል ነው። የላይኛው ነው የታችኛው? እጄ ወደ ታችኛው ሄደ። ሳብኩት። ጩኸቱ ቀጥ አለ። እሰይ! አልኩ፣ እኔ ጅሏ። ጩኸቱ የቆመው ማሽኑ ሞቶ ነው።

ያወጣሁትን መልሼ ከተትኩት፤ ምን ዋጋ አለው! እትዬ ብሎን ሁለት አውቶቡስ ቀያይረው፣ በቤት ጫማቸው መጡ። ማሽኑን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ሆዴን አዩ። ምንም አልጠየቁኝም። የነበረው መጠባበቂያ ቅጂ የሁለት ሳምንት አሮጌ ስለነበር የሁለት ሳምንት የላቦራቶሪ ውጤት እንዳለ ጠፋ። ሰዎች ተጠርተው እንደገና ደም ሰጡ። አንድ ሽማግሌ ክንዳቸውን እየዘረጉልኝ «ደሜን ለማን ነው የምታጠጡት?» ያሉኝ እስከ ዛሬ ይሰማኛል።

ምርመራ ተደረገ። እትዬ ብሎን «ማሽኑን የመረጥኩትም የምጠብቀውም እኔ ነኝ፤ ጥፋቱ የእኔ ነው» ብለው ጻፉ። የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ተሰጣቸው፤ ከክፍል ኃላፊነት ወረዱ። እኔስ? ሆድ ይፍጀው ብዬ ዝም አልኩ። ቋሚ ሆንኩ፣ ልጄን ወለድኩ፣ ዋና ነርስ ሆንኩ። ከዚያ ወዲህ እሳቸው ስብሰባ ላይ አንድ ነገር በተናገሩ ቁጥር የፋይናንስ ኃላፊው ይስልና «የያኔውን እንዳይሆን ብቻ» ይላል። ሰው ይስቃል። እሳቸውም አብረው ይስቃሉ። እኔ ጫማዬን አያለሁ።

ዘንድሮ ሰርቨሩ አረጀና አዲስ ይገዛ ተባለ። የግዥ ኮሚቴ ተቋቋመ፤ አስተዳዳሪው ሰብሳቢ፣ ፋይናንሱ አባል፣ ፋርማሲስቷ አባል፣ እኔ ጸሐፊ፣ እትዬ ብሎን «አስተያየት ሰጪ»። ድምፅ የላቸውም ማለት ነው። የሁለት ማሽን ፕሮፎርማ ቀረበ። የአንድ ፋብሪካ ልጆች ናቸው፤ ከስማቸው መጨረሻ ያለች አንዲት ቁጥር ብቻ ትለያያለች። ፍጥነታቸው እኩል፣ የዲስካቸው ብዛት እኩል፣ ዋስትናቸው እኩል፣ ዋጋቸውም ቢሆን ይህን ያህል አይራራቅም። አንዱ አምና የወጣ ነው፤ ሌላው የዘንድሮ። መንታዎቹ እያልን እንጠራቸው ጀመር።

አስተዳዳሪያችን ከእኔ በአራት ዓመት ያንሳል። ክፉ ሰው አይደለም፤ አዲስ ነገር ሲያይ ግን አያስችለውም፤ ስልኩን በየዓመቱ ነው የሚቀይረው። «ወረቀት ላይ እኩል ከሆኑ አዲሱን ነዋ! ምን ያወያያል?» አለ።

እትዬ ብሎን እጃቸውን አወጡ። «ሁለቱም ለአንድ ሳምንት መጥተው ይሞከሩ። ወረቀት ዲስክ አይቀይርም።»

ፋይናንሱ ሳለ። «የያኔውን እንዳይሆን ብቻ።»

«እሱን አይቼ ነው የምለው» አሉ እትዬ፣ ድምፃቸው ሳይለወጥ።

እኔ ግን ደሜ ፈላ። ስቆጣ አፌ አያርፍም፣ ያውቁኛል። «ሻጩ በነፃ ካዋሰን ምን ይጎዳናል? ወይስ ማሽኑ ሲታይ ያፍራል?» አልኩ። ፋርማሲስቷ ሳቀች። አስተዳዳሪው ሰዓቱን አየና «እሺ፣ አንድ ሳምንት» አለ።

ሻጩ ሁለቱንም ማሽን በጋሪ እየገፋ ይዞ መጣ። ጫማው ያብረቀርቃል፤ አፉም እንደዚያው። እትዬ ብሎንን ከላይ እስከ ታች አያቸውና «እማማ፣ እነዚህ ማሽኖች ሙያ ይጠይቃሉ» አላቸው።

«ሙያ የሚጠይቁ ከሆነማ ይዘሃቸው ተመለስ» አሉት። «እኔ የምፈልገው ባለሙያው ቤቱ ቁጭ ብሎ ሳለ የሚሠራ ማሽን ነው። ደግሞ እማማ አትበለኝ፤ እናትህ ብሆን ኖሮ ይሄኔ ዋጋ ትቀንስልኝ ነበር።» ልጁ አፉን ይዞ ሳቀ። ከዚያ ወዲያ «እትዬ» ማለት ጀመረ።

አሁን የእሳቸውን አሠራር ልንገራችሁ፤ ሌላ ቦታ አይቼው አላውቅም። ማሽን ሲሞክሩ ራሳቸው አይሞክሩም። ማሽኖቹን ጎን ለጎን አስቀምጠው፣ እየለኩና እየከፈቱ ሁለት ቀን ከቆዩ በኋላ፣ ሰርቨር የሚባል ነገር ነክቶ የማያውቀውን ሰው ሁሉ ጠሩ። ዘበኛው መጣ፤ የጽዳት ሠራተኛዋ መጣች፤ የአምቡላንሱ ሾፌር፣ የወጥ ቤቷ ኃላፊ፣ ሁለት የካርድ ክፍል ሠራተኞች፤ ስድስት ሰው። እትዬ ከኮምፒውተራቸው አንዱን ዲስክ እንደሞተ ያስመስሉታል፤ ማሽኑ ይጮሃል። ከዚያ ክፍሉን ለቀው ወደ ኮሪደር ይወጡና በስልክ ይደውላሉ። «አጠገቡ ከቆምኩ ዓይኔ ይመራዋል» ነው የሚሉት። በስልክ የሚናገሩትም አንዲት ነገር ናት፤ «ቀይ መብራት የበራበትን ሳብና አውጣው።»

ይህን ቃል ኮሪደር ላይ ስሰማ ያ እሁድ ተመለሰብኝ።

የአምናው ማሽን ላይ እያንዳንዱ ዲስክ መብራቱ የራሱ እጀታ ላይ ነው። ስድስቱም ሰዎች፣ ስድስቱም፣ ትክክለኛውን አወጡ። የዘንድሮው ላይ ግን ፋብሪካው ለማሳመር ብሎ መብራቶቹን በሙሉ ሰብስቦ በላይኛውና በታችኛው ረድፍ መካከል፣ በአንድ በሚያብረቀርቅ መስመር ላይ ደርድሯቸዋል። የየትኛው መሆኑን የምትነግር ቀስት አለች፤ ሰሊጥ ታክላለች። ከስድስቱ አራቱ ጤነኛውን ዲስክ አወጡ። ዘበኛው ዲስኩን ይዞ ቆሞ «እትዬ፣ ይሄ መብራት እኮ የማን ልጅ እንደሆነ አይናገርም» አለ። እሳቸው የሰዎቹን ውጤት በደብተር ጻፉ፤ ማን የቱን እንደሳበ፣ ስንት ሴኮንድ እንደፈጀበት፣ መጀመሪያ እጁ ወዴት እንደሄደ።

ሲጨርሱ ቀና አሉና «ሲስተር፣ አንቺስ አትሞክሪም?» አሉኝ።

«ሥራ አለኝ» ብዬ ሄድኩ። ምን ያለበት ዝላይ አይችልም ይባል የለ።

ቅዳሜ ከሰዓት ሪፖርታቸውን ልቀበል ቤታቸው ሄድኩ። ሁለት ክፍል ነው፤ መስኮቱ የጎረቤት ግድግዳ ያያል። ጠረጴዛው ላይ የማሽኖቹ መመሪያ መጽሐፍ ተዘርግቷል፤ የቀረችው ጥግ ላይ ዳቦና ሁለት ስኒ ሻይ ተጠጋግተዋል። ባላቸው ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሾፌር ናቸው። «ግቢ ልጄ፣ ጣውንቴስ እንዴት ሆነ?» አሉኝ፤ ሰርቨሩን ነው ጣውንቴ የሚሉት። እትዬ ሪፖርቱን ሊያመጡ ወደ ውስጥ ሲገቡ ባላቸው ወደ እኔ ጎንበስ አሉና ድምፃቸውን ቀነሱ። «ጡረታ ልትወጣ አምስት ወር ነው የቀራት። ይሄ የመጨረሻዋ ማሽን ነው። ሰርተፊኬት ስጧት አልልም፤ ግድግዳውም አይበቃንም። እንዲያው አንድ ጊዜ ቃሏ ተሰምቶ ብትወጣ ደስ ይለኛል። አትናገርም እንጂ እሷም የምትፈልገው ይህንኑ ነው።»

ስኒውን ሳልጨርስ አስቀመጥኩ። የእትዬ ቃል የማይሰማው በእኔ ምክንያት መሆኑን ባላቸው አያውቁም። ሪፖርቱን ይዤ ስወጣ በደረጃው ላይ ራሴን ሰደብኩት፤ ስድቡን እዚህ አልጽፈውም።

ሰኞ ጠዋት ተሰበሰብን። አስተዳዳሪው ሪፖርቱን አገላበጠና ፈገግ አለ። «እትዬ፣ ልፋትዎን አደንቃለሁ። ግን የሞከሩት እነማን ናቸው? ዘበኛ፣ ጽዳት፣ ወጥ ቤት። እኛ ሰርቨር የምንገዛው ለእነሱ አይደለም። የተማረ ሰው ቀስቷን አይቶ ይለያል።»

ፋይናንሱ ሳለ፤ የሚለውን ግን ለመናገር ጊዜ አላገኘም። እትዬ ብሎን ተነሥተው ነበር።

«ልክ ነዎት፣ የተማረ አልሞከረውም» አሉ። «እርስዎ ይሞክሩልኝ። ማሽኑ እዚሁ ጎረቤት ነው።»

እምቢ እንዳይል ሁላችንም እያየነው ነው። ኮሌታውን አስተካከለና ወጣ፤ እኛም ተከተልን። ክፍሉ ጠባብ ስለሆነ በሩ ላይ ተደራርበን ቆምን። እትዬ በኮምፒውተራቸው አንድ ነገር ነካ ነካ አደረጉ፤ የዘንድሮው ማሽን ይጮህ ጀመር። እሳቸው ወደ ኮሪደሩ ጫፍ ሄዱ። የአስተዳዳሪው ስልክ ጠራ። ድምፁን ከፍ አድርጎ ለሁላችንም አሰማን።

«ቀይ መብራት የበራበትን ይሳቡና ያውጡት» አለ የእትዬ ድምፅ።

አስተዳዳሪው ወደ እኛ ዞሮ ጠቀሰን። ጎንበስ ብሎ አየ። እጁን ዘረጋ። የታችኛውን ሳበ።

ጩኸቱ ቀጥ አለ።

«ይኸው!» አለ፣ ዲስኩን ወደ ላይ አንስቶ። ማንም አላጨበጨበለትም። የማሽኑ ማራገቢያ እየቀነሰ፣ እየቀነሰ ሄዶ ጸጥ አለ። አስተዳዳሪው ወደ ማሽኑ ተመለከተ። ከዚያ ወደ ዲስኩ። ጆሮው ሲቀላ አየሁት። ከእጁ ላይ ዓይኔን መንቀል አቃተኝ፤ ሲስበው ያየሁት የእሱን እጅ አልነበረም፣ የራሴን ነው።

«አይዞዎት» አልኩት። «እኔም የዚያን እሁድ የሳብኩት የታችኛውን ነው።»

«የቱን እሁድ?» አለ ፋይናንሱ።

«አንተ በየስብሰባው የምትስልበትን እሁድ!» አልኩ። ከዚህ በኋላ ማን ያቁመኝ! «የሁለት ሳምንቱን ውጤት ያጠፋሁት እኔ ነኝ። እትዬ ብሎን ቤታቸው ነበሩ። ተረኛዋ እኔ ነበርኩ፤ በዚህ እጄ ነው ጤነኛውን ዲስክ ያወጣሁት፤ መልሼ ከትቼም ዝም አልኩ። ሰባት ዓመት ሙሉ እናንተ ስትስቁባቸው እኔ አጠገባችሁ ተቀምጬ ቃለ ጉባኤ ስጽፍ ነበር። ልትቀጡኝ ከፈለጋችሁ ቅጡኝ፤ ይሄ ግን ቃለ ጉባኤው ላይ ይገባል። ጸሐፊዋ እኔ ነኝ።»

እትዬ ከኮሪደሩ ተመልሰው ከኋላችን ቆመዋል፤ ስልኩ ገና ጆሯቸው ላይ ነው። ፋይናንሱ ዞረና አያቸው። ሰውየው ሳል እንጂ ይቅርታ አያውቅም ብዬ ነበር፤ ተሳስቼ ኖሯል። «እትዬ» አለ፣ «አጥፍቻለሁ። ይቅር ይበሉኝ።» አስተዳዳሪው ዲስኩን ጠረጴዛው ላይ ቀስ አድርጎ አስቀመጠና «የአምናው ይገዛ» አለ። «በእትዬ ሪፖርት መሠረት ብለሽ ጻፊ ሲስተር። ከሰባት ዓመት በፊት የተጻፈላቸው ደብዳቤም ከማኅደራቸው ይወጣል፤ እሱንም ጻፊ።» ስለ እኔ ምንም አላለም። በኋላ እንደሚጠራኝ አውቄያለሁ፤ ይጥራኝ።

ሌሎቹ ሲሄዱ እኔና እትዬ ብቻችንን ቀረን። እሳቸው ዲስኩን ወደ ቦታው መልሰው ከተቱና እጀታውን ቀጭ አድርገው ቆለፉት።

«አንቺ ያን ቀን እንዲህ አልቆለፍሽውም ነበር» አሉኝ። «ከበር ላይ ሆኜ ነው ያየሁት።»

«ያውቁ ነበር? ማሽኑ በራሱ የሞተ የመሰለዎት መስሎኝ!»

«ታዲያስ! ማሽኑን የማውቀው እኔ።»

«ታዲያ ለምን አልተናገሩም? ኧረ ለምን?»

«አንቺ ሙከራ ላይ ነበርሽ፣ ሆድሽ ገፍቶ። አንድ ወረቀት ብጽፍ በማግስቱ በሩን ያሳዩሽ ነበር። እኔ ቋሚ ነኝ፤ ቢወቅሱኝ እንጂ አያባርሩኝም።» ወንበር ስበው ተቀመጡ። «ደግሞ ውሸት አልጻፍኩም። ያንን ማሽን የመረጥኩት ወረቀቱን ብቻ አይቼ ነው። መብራቱ የት እንደሚበራ አላየሁም፤ ሰው ጠርቼም አላስሞከርኩም። አንቺ አንድ ጊዜ ተሳሳትሽ፤ ከአንቺ በፊት ግን እኔ ተሳስቻለሁ።»

አለቀስኩ፤ ምን እደብቃለሁ። አላባበሉኝም። ሲበቃኝ ቃለ ጉባኤውን አምጪ አሉኝና መነጽራቸውን አድርገው ከላይ እስከ ታች አነበቡት። ስለዚያ እሁድ የጻፍኩት ላይ ሲደርሱ ጣታቸውን አሳረፉበት።

«ማሽኑ ተመርጧል» አሉ። «ደብዳቤዬም ይወጣል። ይቺን ሦስት መስመር ብትሰርዣት ማንም አይጠይቅሽም። ልጅ አለሽ፣ ደረጃ አለሽ። ለእኔ እንደሆነ ከእንግዲህ አትጠቅመኝም።»

«ለእኔ ትጠቅመኛለች እትዬ» አልኳቸው።

ጣታቸውን ከመስመሮቹ ላይ አነሱ። ከዚያ ብዕሩን ከእጄ ተቀብለው ፈረሙ።